ሬዲዮውን በእጅ ልክ መስፋት፦ የሞዴል አውሮፕላን መቆጣጠሪያን ለጀማሪ ማስተካከል

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። በሞተር የሚሠራ የስፌት መኪና በእግር የሚረገጥ ፔዳል አለው። አንዳንዱ ፔዳል ጫማችሁ ገና ሲያርፍበት መርፌው ሽው ብሎ ይሮጣል፤ ጨርቁም ከእጃችሁ ያመልጣል። ስፌት የሚያስለምድ ሰው ለማጁን ከመቆጣቱ በፊት ፔዳሉን ራሱ ረግጦ ማየት አለበት። መጀመሪያው ላይ ለስለስ ብሎ፣ ሲረግጡት ደግሞ ሙሉ ኃይሉን የሚሰጥ ፔዳል ያገኘ ለማጅ በአንድ ሳምንት ቀጥ ያለ ስፌት ያወጣል።

የእህቴ ልጅ የመጀመሪያ አውሮፕላኑን ሲያበር ትዝ ያለኝ ይኸው ፔዳል ነው። አውሮፕላኗ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 1.2 ሜትር የሆነች፣ ክንፏ ከላይ የተቀመጠ የፎም አውሮፕላን ናት። ተነሳች፤ አፍንጫዋ ሽቅብ ዘለለ። ልጁ ደንግጦ ስቲኩን (በእጅ በሚያዘው መቆጣጠሪያ ሬዲዮ ላይ ያለውን ዘንግ) ገፋ፤ ቁልቁል ወረደች። መልሶ ሳበ፤ እንደገና ወጣች። እንደዚህ ስትዋልል ቆይታ ሣሩ ላይ ወደቀችና ፕሮፔለሯ ተሰበረ። "አጎቴ፣ እኔ እኮ ትንሽ ነው የነካሁት" አለኝ። እውነቱን ነበር። ጣቱን አይቼዋለሁ፤ ከ3 እና ከ4 ሚሊሜትር በላይ አልተንቀሳቀሰም። ሬዲዮው ግን ያችን ትንሽ ንክኪ ትልቅ ትእዛዝ አድርጎ ነው ያደረሰላት።

ማታ ቤት ገብተን ሦስት ነገር ለወጥን፦ ባትሪውን 2 ሴንቲሜትር ያህል ወደፊት ገፋነው፣ ኤለቬተሩን (አፍንጫዋን የሚያነሳና የሚያወርድ የጅራት ሰሌዳ ነው) የሚያንቀሳቅሰውን ሽቦ አንድ ቀዳዳ አዛወርነው፣ ሬዲዮው ላይ ደግሞ ኤክስፖ (የስቲኩን መሐል የሚያለሰልስ ቅንብር) አስገባን። በማግስቱ ያው ልጅ ያችኑ አውሮፕላን 4 ደቂቃ አበረራት። ከዚህ በታች የምጽፈው ያን ማታ የሠራነውንና ከዚያ ወዲህ በየበረራው የጨመርነውን ነው። ቅደም ተከተሉን አደራ ጠብቁት፤ ልብስ ሳይለካ ቁልፍ እንደማይተከልለት፣ ይኸኛውም የፊቱ ሳይስተካከል የኋላው አይሰምርም።

ሬዲዮው ከመከፈቱ በፊት

ፕሮፔለሩን ፍቱት። ቅንብር እያስተካከላችሁ ሳለ ሞተሩ በድንገት ቢነሳ ጣት ይቆርጣል፤ ጠረጴዛ ላይ "ትንሽ ነገር ልንካ" ብሎ የተጎዳ ብዙ ሰው አለ። ሥራው ሁሉ አልቆ ሜዳ እስክትደርሱ ድረስ ፕሮፔለሩ ተፈትቶ ይቆይ።

ቀጥሎ የክብደት ሚዛን ነው። ባትሪውን በቦታው አስገቡና አውሮፕላኗን ከክንፏ ሥር፣ ከአካሏ ግራና ቀኝ፣ በሁለት ጣት አንሷት። ለአብዛኛው የመለማመጃ አውሮፕላን ሚዛኑ የሚያርፈው ከክንፉ የፊት ጠርዝ ጀምሮ የክንፉ ወርድ 25 እስከ 30 በመቶ ላይ ነው። የክንፉ ወርድ 20 ሴንቲሜትር ከሆነ ከፊት ጠርዙ 5 ወይም 6 ሴንቲሜትር ገባ ብሎ ማለት ነው። የአምራቹ መመሪያ ሌላ ቁጥር ከሰጠ መመሪያውን ተከተሉ፤ ለመጀመሪያው በረራ ግን ከተሰጠው ክልል የፊተኛውን ምረጡ።

ይህን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ጅራቷ የከበደ አውሮፕላን በትንሽ ንክኪ ትዘላለች፤ ሰውም "ሬዲዮዬ ፈጥኖብኛል" ብሎ ቁጥር መቀነስ ይጀምራል። ቢቀንስም አይድንም፤ ምክንያቱም ሕመሙ አውሮፕላኗ ራሷን ወደ ቦታዋ መመለስ አለመቻሏ ነው። አፍንጫዋ ትንሽ የከበደ አውሮፕላን ግን ሰነፍ ብትሆንም ጨዋ ናት። የእህቴ ልጅ አውሮፕላን ጅራቷ ከብዶ ነበር። የባትሪው ማሰሪያ ላልቶ ባትሪው ወደኋላ ሸሽቷል። ያንን ሳላይ ኤክስፖ ብቻ ጨምሬ ብልካት ኖሮ በማግስቱም ትወድቅ ነበር።

ክንዱና ቀዳዳዎቹ

ሬዲዮውን ክፈቱ፤ ለአውሮፕላኗ አዲስ ሞዴል አውጡና ስም ስጡት። የአሮጌ ሞዴል ቅንብር ውስጥ አትሥሩ፤ የረሳችሁት ሚክስ (አንዱ ትእዛዝ ሌላውን ክፍል አብሮ እንዲያንቀሳቅስ የሚያደርግ ቅንብር) እዚያ ተደብቆ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ትሪሞቹን (ስቲኩ ሳይነካ ክፍሎቹ የሚያርፉበትን ቦታ በጥቂቱ የሚያስተካክሉትን ቁልፎች) ሁሉ መሐል ላይ አድርጉ።

አሁን እያንዳንዱን ሰርቮ (ሽቦውን የሚገፋና የሚስብ ትንሽ ሞተር) ተመልከቱ። ስቲኩ መሐል ሆኖ የሰርቮው ክንድ ከሚገፋው ሽቦ ጋር ቀጥ ያለ 90 ዲግሪ መሥራት አለበት። ካልሠራ ብሎኑን ፈታችሁ ክንዱን አንድ ጥርስ አዙራችሁ መልሱት። ጥርሱ ልክ ሳያመጣው የቀረችውን ትንሽ ልዩነት ብቻ በሰብ ትሪም (ሬዲዮው ውስጥ የሰርቮውን መሐል በሚያስተካክለው ቁጥር) ሙሏት። ሰብ ትሪምን በብዛት የተጠቀመ ሰው ሰርቮውን ወደ አንድ ወገን ብዙ፣ ወደ ሌላው ጥቂት እንዲሄድ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ኤለቬተሩ ወይም ራደሩ (አፍንጫዋን ግራና ቀኝ የሚያዞረው የጅራት ሰሌዳ) ራሱ ከጅራቱ ጋር እኩል ካልተኛ፣ የሽቦውን ጫፍ በማዞር ርዝመቱን አስተካክሉ።

ቀጥሎ የምነግራችሁን ብዙ ሰው ዘሎት ያልፋል፤ እኔ ግን ከማንኛውም የሬዲዮ ቁጥር አስበልጬ አየዋለሁ። የሰርቮው ክንድ ላይ ብዙ ቀዳዳ አለ። ኤለቬተሩ ላይ የተተከለችው ትንሽ ቀንድም እንዲሁ። ሽቦው በሰርቮው ክንድ ላይ ወደ መሐሉ በቀረበ ቁጥር፣ በቀንዱ ላይ ደግሞ ወደ ጫፉ በራቀ ቁጥር፣ ኤለቬተሩ ጥቂት ይንቀሳቀሳል።

ለምን በሬዲዮው ቁጥር ብቻ አንቀንሰውም? አንድ ኤለቬተር በሙሉ ስቲክ 25 ሚሊሜትር ይሄዳል እንበል፤ እኛ የምንፈልገው 10 ነው። ሬዲዮውን ወደ 40 በመቶ ብናወርደው 10 ሚሊሜትር እናገኛለን። ነገር ግን ሰርቮው ካለው እንቅስቃሴ 40 በመቶውን ብቻ ነው የሚጠቀመው። በሽቦውና በቀዳዳው መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ አልቀነሰም። ክፍተቱ ኤለቬተሩን ግማሽ ሚሊሜትር የሚያንቀሳቅስ ከሆነ፣ ከ25 ላይ ኢምንት የነበረው ነገር ከ10 ላይ ጎልቶ ይታያል፤ አውሮፕላኗም መሐሉ ላይ የት እንደምትቆም አታውቅም። ሽቦውን ቀዳዳ ብናዛውረው ግን ሰርቮው ሙሉውን መንገድ ይሄዳል፣ ጉልበቱ ይጨምራል፣ የሰርቮው የራሱ መላወስም አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ መጀመሪያ በቀዳዳ፣ የቀረውን በቁጥር።

አቅጣጫና ዳርቻ

ከአውሮፕላኗ ኋላ ቁሙ፤ እናንተም እሷም ወደ አንድ ፊት ተመልከቱ። ኤለሮን በክንፉ የኋላ ጠርዝ ያለው፣ አውሮፕላኗን ወደ ጎን የሚያዘነብላት ሰሌዳ ነው። የኤለሮን ስቲክ ወደ ቀኝ ሲሄድ የቀኙ ኤለሮን ይነሳል፣ የግራው ይወርዳል። የኤለቬተር ስቲክ ወደ እናንተ ሲሳብ ኤለቬተሩ ይነሳል። የራደር ስቲክ ወደ ቀኝ ሲሄድ የራደሩ የኋላ ጠርዝ ወደ ቀኝ ይዞራል። የተገላበጠ ካለ በሪቨርስ ገጽ መልሱት። ይህን ፍተሻ ጠረጴዛ ላይ አንዴ ሠርታችሁ አታብቁ፤ ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ሜዳው ላይም ድገሙት። የተገላበጠ ኤለሮን ይዞ የተነሳን አውሮፕላን መመለስ ለልምድ ባለቤትም ከባድ ነው።

ከዚያ ኢንድ ፖይንት የሚባለው ገጽ ይመጣል፤ ሰርቮው በሁለቱም ወገን የት ድረስ እንደሚሄድ የሚወሰንበት ነው። ስቲኩን እስከ ዳር ገፍታችሁ ጆሯችሁን አስጠጉ። ሰርቮው ጥጉ ላይ እየጮኸ ከሆነ የሆነ ነገር ይዞታል፤ ያኔ ኃይል ይበላል፣ ይሞቃል፣ ቆይቶም ይቃጠላል። ጩኸቱ እስኪቆም ቀንሱ። ከዚያ በማስመሪያ ለኩ፦ የኤለቬተሩ የኋላ ጠርዝ ሲነሳ ስንት ሚሊሜትር ነው? ሲወርድስ? ሁለቱን እኩል አድርጉ። በዓይን ግምት አትተዉት። 30 ዓመት ጨርቅ የለካ ዓይኔ ራሱ በ3 ሚሊሜትር ሲሳሳት አግኝቼዋለሁ።

የእኛዋ 1.2 ሜትር አውሮፕላን ዛሬ የምትበርበት ልክ ይህ ነው፦ ኤለሮን ወደ ላይ 12 ሚሊሜትር፣ ኤለቬተር በሁለቱም ወገን 12፣ ራደር በሁለቱም ወገን 20። ይህ የሙሉ ስቲክ ልክ ነው። የእናንተ መመሪያ ቁጥር ካለው ከእሱ ተነሱ።

ዱዋል ሬት

ዱዋል ሬት ማለት በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ የእንቅስቃሴውን ጣሪያ ዝቅና ከፍ ማድረግ ነው። ሬቱ 60 ሲሆን ስቲኩን እስከ ዳር ብትወስዱትም የሚሄደው 60 በመቶ ብቻ ነው። ሦስት ቦታ ያለው ማብሪያ ካላችሁ ከላይ 100፣ መሐል 75፣ ታች 60 አድርጉና ሦስቱንም፣ ማለትም ኤለሮን፣ ኤለቬተርና ራደርን፣ በዚያች በአንዷ ማብሪያ እሰሩ። ሰማይ ላይ ለጨነቀው ሰው ሦስት ማብሪያ ፈልግ ማለት ግፍ ነው።

ነገር ግን "ዝቅተኛ ሬት ሁልጊዜ ደኅና ነው" የሚለውን አትመኑ። በኤለቬተሩ ላይ አየር የሚያሳርፈው ኃይል ከፍጥነት ጋር በካሬ ያድጋል፤ ፍጥነቷ እጥፍ ሲሆን ያችው 5 ሚሊሜትር አራት እጥፍ ትሠራለች። ፍጥነቷ በግማሽ ሲቀንስ ደግሞ ሩብ ብቻ ይቀራል። ለማረፍ ስትመጡ አውሮፕላኗ በጣም ዘገም ትላለች፤ ከመንካቷ በፊት አፍንጫዋን ቀና የሚያደርግ በቂ ኤለቬተር ያስፈልጋታል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ኤለቬተሩን 45 በመቶ ላይ አድርጌ ላሳርፍ መጣሁ። ስቲኩን እስከ ሆዴ ሳብኩት፤ አፍንጫዋ አልተነሳም፤ የፊት ጎማዋ ተነቅሎ ቀረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለጀማሪ የኤለቬተርን ዝቅተኛ ሬት ከ60 በታች አላወርድም። ኤለሮኑን 55 ድረስ ብታወርዱት ግን ችግር የለውም።

መጀመሪያ በመሐለኛው ተነሱ። ከላይ ያለው 100 ለክፉ ቀን ይቀመጣል፤ ነፋስ በድንገት ክንፏን ቢያዞራት የምትደርሱበት መውጫ ነው። ማብሪያውን ሳታዩ በጣት እስክታገኙት ድረስ መሬት ላይ ተለማመዱ።

ኤክስፖ

አሁን ወደ ፔዳሉ ደረስን። ዱዋል ሬት ጣሪያውን ዝቅ ያደርጋል፤ ኤክስፖ ግን ጣሪያውን ሳይነካ መሐሉን ያለሰልሳል። ስቲኩ መሐል አካባቢ ሲነካ ጥቂት፣ ወደ ዳር ሲሄድ እየበዛ፣ ዳር ሲደርስ ሙሉውን ይሰጣል። የእህቴን ልጅ የጎዳው መሐሉ ላይ የነበረው ስለት ስለሆነ መድኃኒቱም እዚህ ነበር።

በቁጥር እንየው። ብዙ ሬዲዮዎች በተቀራራቢ ቀመር ነው የሚሠሩት፤ ውጤቱ ከአንዱ ወደ ሌላው በጥቂቱ ይለያያል። 30 በመቶ ማለስለሻ ኤክስፖ አስገብታችሁ ስቲኩን ሩብ ያህል ብትገፉት፣ ሰርቮው 25 በመቶ መሄዱ ቀርቶ ወደ 18 በመቶ ይሄዳል። ግማሽ ላይ 50 የነበረው ወደ 39 ይሆናል። ሦስት አራተኛ ላይ 75 የነበረው ወደ 65 ነው። ዳር ላይ ያው 100 ነው። በዚህ ላይ ሬቱ 75 ከሆነ ሩብ ስቲክ የሚሰጠው 14 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። የሚንቀጠቀጥ ጣት የሚያደርሰው ጥፋት በግማሽ ገደማ ቀነሰ ማለት ነው።

ስንት ላድርግ ለሚለኝ ጀማሪ መነሻዬ ኤለሮን 30፣ ኤለቬተር 35፣ ራደር 20 ነው። ከ50 ማለፍን አልወድም። 60 እና 70 ሲደርስ መሐሉ ዝም ይላል፤ ሰው ምላሽ ሲያጣ አብዝቶ ይገፋል፤ ያን ጊዜ ኩርባው በድንገት ቀጥ ብሎ ይወጣና አውሮፕላኗ ትገለበጣለች። ከጠፋው ስለት ይልቅ የተደበቀው ስለት ይከፋል።

አንድ ወጥመድ አለ፤ ሳትረሱ አንብቡት። የማለስለሻው ምልክት በሁሉም ሬዲዮ አንድ አይደለም። በፉታባና በሃይቴክ ሬዲዮዎች መሐሉን የሚያለሰልሰው የመቀነስ ምልክት ያለው ቁጥር ነው፤ ለምሳሌ -30። በስፔክትረምና በጄአር ደግሞ የመደመር ምልክት ያለው 30 ነው። ተገላብጦ ከገባ መሐሉ ከቀድሞውም የባሰ ስለታም ይሆናል። የእህቴ ልጅ ሬዲዮ በቀየረ ጊዜ ደብተሬ ላይ ያለውን ቁጥር ከነምልክቱ ገልብጬ አስገባሁ። አውሮፕላኗ እንደተነሳች እንደ መጀመሪያው ቀን መዋለል ጀመረች። ደግነቱ ልጁ እጁ ጠንቶ ነበርና ትሮትሉን (የሞተሩን ኃይል) ቀንሶ በሰላም አሳረፋት። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን አላምንም፤ ኩርባውን አያለሁ። ሬዲዮው ስዕል ካለው መሐሉ ላይ ተኝቶ ወደ ዳር የሚቀና መስመር ነው የምትፈልጉት። ስዕል ከሌለው ስቲኩን በቀስታ ግማሽ ድረስ ግፉና ኤለቬተሩን በማስመሪያ ለኩ፤ ሙሉው 12 ሚሊሜትር ከሆነ ግማሹ ላይ ከ6 ማነስ አለበት። ከ6 ከበለጠ ምልክቱ ተገልብጧል።

ስቲኩን ራሱንም አትርሱ። ብዙ ሬዲዮ ላይ የስቲኩ ራስ በብሎን ይረዝማል፣ ያጥራል። ረዘም ያለ ስቲክ ለተመሳሳይ ትእዛዝ ጣታችሁን ረጅም መንገድ ያስኬደዋል። አንዳንዱ ሬዲዮ ውስጥ የምንጩን ጥንካሬ የሚያስተካክል ትንሽ ብሎንም አለ። እኔ ስቲክ የምይዘው እንደ መርፌ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጬ ነው፤ ልጁ በአውራ ጣቱ ብቻ ነው የሚገፋው። የእኔ ሬዲዮ ላይ ስቲኩ ረጅም ነው፤ የእሱ አጭር ነው፣ ምንጩም ጠንከር ብሏል። ሁለታችንም ምቾት አለን።

ሰማይ ላይ ትሪም

ነፋስ በሌለበት ጠዋት ተነሱ፤ ከፍ በሉ፤ ትሮትሉን ግማሽ አካባቢ አድርጉና ቀጥ አድርጋችሁ ልቀቋት። ምን ታደርጋለች? ወደ ግራ ካዘነበለች የኤለሮን ትሪሙን ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ቀኝ ጠቅ ጠቅ አድርጉ። አፍንጫዋ ከተነሳ የኤለቬተር ትሪሙን ወደፊት። ደግማችሁ ልቀቁ። ጀማሪ ብቻውን ይህን ማድረግ ይከብደዋል፤ አንዱ ሲያበር ሌላው ትሪሙን ቢነካለት ጥሩ ነው።

ካረፋችሁ በኋላ ኤለቬተሩና ኤለሮኑ የት እንዳሉ ምልክት አድርጉ፤ ትሪሙን ወደ መሐል መልሱና ያንኑ ቦታ በሽቦው ርዝመት አምጡት። ትሪሙ ብዙ የጠየቀ ከሆነ ግን ክንፏን ከኋላ ሆናችሁ ተመልከቱ፤ የተጣመመ ክንፍ ወይም ጠመም ብሎ የተጣበቀ ጅራት ታገኛላችሁ።

ትሮትል፣ ሰዓትና ሚክስ

ለትሮትል ማጥፊያ አንድ ማብሪያ መድቡ፤ ስትነካ ስቲኩ የትም ቢሆን ሞተሩ ይቆማል። ይህ ያለድርድር ነው።

ክንፋቸው ከላይ የሆነ መለማመጃዎች ትሮትል ሲጨመር አፍንጫቸውን ያነሳሉ። ጥቂት መነሳት ተፈጥሯቸው ነው። ከበዛ ግን መጀመሪያ ሞተሩን ወደ ታች ጥቂት አዘንብሉት፤ ከሞተሩ ማቀፊያ የላይኛዎቹ ብሎኖች ሥር ስስ ሮንዴላ (ዋሸር) ብትጨምሩ ይበቃል። ያ ካልተቻለ ከትሮትል ወደ ኤለቬተር ሚክስ አድርጉ፦ ትሮትሉ ሙሉ ሲሆን ኤለቬተሩ 3 ወይም 4 በመቶ ወደ ታች። ከዚህ በላይ አትጀምሩ።

ሰዓቱን ከትሮትል ጋር አስተሳስሩት፤ ትሮትል ሲነሳ ይቁጠር። ለመጀመሪያው በረራ 4 ደቂቃ። ካረፋችሁ በኋላ ባትሪው ሲሞላ ቻርጀሩ ስንት እንደመለሰ እዩ። የእኛ 2200 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ ከ4 ደቂቃ በኋላ 900 ነበር የተመለሰለት፤ በደቂቃ 225 ማለት ነው። ከ1600 በላይ እንዳይወጣ ስለፈለግን ሰዓቱን 7 ደቂቃ ላይ አደረግነው። የባትሪው ማለቅ የሚያስጨንቀው ጀማሪ ለማረፍ ይቸኩላል፤ ጊዜ እንዳለው የሚያውቅ ግን አንድ ዙር ዞሮ ይመለሳል።

አሁን ወደ መታጠፍ። ኤለሮን ሲነካ የሚወርደው ኤለሮን አየሩን ከሚነሳው ይልቅ አብዝቶ ይጎትታል። ስለዚህ ወደ ቀኝ ስታዘነብሉ አፍንጫዋ መጀመሪያ ወደ ግራ ይሸሻል። ክንፋቸው ረዘም ያለ አውሮፕላኖች ላይ ይህ በደንብ ይታያል፤ መታጠፊያቸው የሚንሸራተት ይመስላል። እያንዳንዱ ኤለሮን የራሱ ሰርቮ ካለው መፍትሔው ዲፈረንሻል ነው፦ የሚወርደው ከሚነሳው ያንሳል። የእኛዋ ወደ ላይ 12፣ ወደ ታች 7 ሚሊሜትር ነው። ከኤለሮን ወደ ራደር ሚክስም አለ፤ በ15 በመቶ ጀምራችሁ፣ አፍንጫዋ ዝንባሌዋን እስኪከተል ድረስ ጨምሩ። ሚክሱን ግን ማጥፊያ ስጡት። ነፋስ ከጎን ሲመጣ ለማረፍ ክንፍና ራደር በተቃራኒ አቅጣጫ የሚያዙበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ሚክሱ ይታገላችኋል። እኔ ዲፈረንሻሉን አስቀድሜ፣ ሚክሱን ለመጀመሪያዎቹ 10 ወይም 15 በረራዎች ብቻ እጠቀምበታለሁ። ራደር በራሱ ጣት የማይንቀሳቀስለት አብራሪ ትልቅ ነገር ይቀርበታል ብዬ ስለማምን ነው።

ሪሲቨሩ (አውሮፕላኗ ውስጥ ሆኖ የሬዲዮውን ትእዛዝ የሚቀበለው ዕቃ) ጋይሮ (መንገዳገዷን ሰምቶ ራሱ የሚያርም መሣሪያ) ካለው ፍተሻው ይህ ነው፦ አውሮፕላኗን ይዛችሁ አፍንጫዋን ድንገት ቀና አድርጉ፤ ኤለቬተሩ መውረድ አለበት። የቀኝ ክንፏን ድንገት ዝቅ አድርጉ፤ የቀኙ ኤለሮን መውረድ አለበት። ከተገለበጠ ጋይሮው ጥፋቱን ያባብሳል እንጂ አያርምም፤ እንዳታበሩት። ጋይሮውን አልቃወምም፤ ግን ሚዛኗና ሰርቮዎቿ ልክ ከሆኑ በኋላ ይብራ። ያልተስተካከለች አውሮፕላንን ጋይሮ ሸፍኖ ያበራታል፤ ጋይሮው የጠፋ ቀን ዕዳው በአንዴ ይመጣል።

ሬዲዮው ቢቋረጥ

ፌይልሴፍ የሚባለው ሪሲቨሩ ትእዛዝ ሲያጣ ምን እንደሚያደርግ የሚወስን ነው። ለመለማመጃ ትሮትል ዜሮ፣ ሌላው መሐል። ፕሮፔለሩ ተፈትቶ እያለ ሞተሩን በዝግታ አስነሱና ሬዲዮውን አጥፉ፤ ሞተሩ መቆም አለበት። ካልቆመ አትብረሩ። ሜዳ ላይ ደግሞ የሬዲዮውን የርቀት መፈተሻ ተጠቀሙ፤ ጉልበቱን ቀንሶ በአጭር ርቀት የሚያስመረምር ገጽ አለው። መመሪያው የሚለውን ያህል እርምጃ ርቃችሁ ሰርቮዎቹ ሳይንገጫገጩ መታዘዛቸውን እዩ።

በአንድ በረራ አንድ ለውጥ

ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው እንደረዳው አያውቅም። እኔ የልብስ ልክ የምጽፍበት ዓይነት ትንሽ ደብተር አለኝ፤ በአንድ መስመር ቀኑን፣ ነፋሱን፣ የለወጥኩትን አንድ ቁጥርና አውሮፕላኗ ያደረገችውን እጽፋለሁ። "ኤለቬተር ኤክስፖ ከ35 ወደ 30፤ ስትነሳ ትንሽ ፈጠነች፤ ሲያርፍ ግን ደስ አለው" የሚል መስመር አለ። ከመንካታችሁ በፊት የቀድሞውን ሞዴል ቅጂ ሬዲዮው ውስጥ አስቀምጡ፤ አዲሱ ካልሰመረ በደቂቃ ትመለሳላችሁ።

ቁጥሩን መቼ እናንሳ ለሚለው፣ የማየው ጣትን ነው። አብራሪው ተራ መታጠፊያ ላይ ስቲኩን እስከ ዳር እየወሰደ ከሆነ ሬቱ አንሶታል፤ በ5 በመቶ አንሱለት። መሐሉ ላይ ዘግይታ የምትሰማው ከሆነ ኤክስፖውን በ5 ቀንሱለት። የእህቴ ልጅ ከ30 በረራ በኋላ ኤለቬተሩ ከ35 ወደ 20፣ ኤለሮኑ ከ30 ወደ 20 ወርዶለታል። መሐለኛው ሬት ከ75 ወደ 85 ወጥቷል። ባለፈው ከማረፉ ስቲኩን እያሳየኝ "አጎቴ፣ እዚህች ጋ ትንሽ ዘግየት ትልብኛለች" አለኝ። ደብተሩን ሰጠሁት፤ የሚቀጥለውን ቁጥር የጻፈው እሱ ነው።